የጉበት መድኃኒታችሁን አትጣሉ፦ «ክኒኑ ገዳይ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከገላን እስከ ሰበታ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የእድር አባላት ተላልከውታል፣ የብሎክ ጎረቤቶች ተነጋግረውበታል፤ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ስልኩን አውጥቶ «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» የሚል ታካሚም በዝቷል። ጸሐፊው ስማቸውን ባያሰፍሩም ለወገን ተቆርቁረው እንደጻፉ ያስታውቃል። መልሳችንም በዚያው መንፈስ ነው።

የጻፉት ባጭሩ እንዲህ ነው። ለሄፓታይተስ ቢ የሚታዘዘው ቴኖፎቪር ኩላሊትና አጥንት ይጎዳል። ክኒኑ የኤችአይቪ መድኃኒት ሆኖ ሳለ ሳይነገራቸው ለጉበት ታማሚዎች ይሰጣል። አንዴ ከተጀመረ ስለማይቆም ሰውን የፋብሪካ ገባር ያደርገዋል። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለሄፓታይተስ ቢ የተሞከረ መድኃኒት 5 ሰዎች ገድሏል። የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት ደግሞ የተኛውን ቢ ይቀሰቅሳል፣ ካንሰርም ያመጣል። በመጨረሻም ክኒኑን የጀመሩ በወራት ውስጥ ሲሞቱ የወፍ በሽታ መድኃኒት የጠጡት ግን በሳምንት ይድናሉ ይሉና «ክኒኑን ጣሉት» ብለው ይመክራሉ።

ከነዚህ ውስጥ እውነት ያለባቸው አሉ፤ በየቦታቸው እንቀበላቸዋለን። ምክሩ ግን ከተዘረዘሩት ጉዳቶች ሁሉ ፈጥኖ ሰው የሚገድል ነው። ስለዚህ የጽሑፉን ቅደም ተከተል ትተን ከማቋረጥ እንጀምራለን።

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የጉበት ሴል ውስጥ ሲገባ አስኳሉ ውስጥ ዋና ቅጂውን ያስቀምጣል። ቴኖፎቪርም ሆነ ሌላው የቢ መድኃኒት ኢንቴካቪር ቫይረሱ ከዚያ ተነሥቶ እንዳይባዛ ያግዱታል እንጂ ዋናውን ቅጂ ፍቀው አያወጡትም። ክኒኑ በየቀኑ ሲወሰድ ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል፣ ጉበት ያርፋል፣ ጠባሳው ሳይቀር በዓመታት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል። በድንገት ሲቆም ግን ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ እንደገና ይፈላል። ያን ጊዜ የሰውነት መከላከያ ይነሣና ቫይረሱ ያለባቸውን የጉበት ሴሎች በጅምላ ያጠቃል። ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም 30 እና 40 ከነበረበት ተነሥቶ ሺህ ሊያልፍ ይችላል። ብዙም ያልተጎዳ ጉበት ይህን ይቋቋመው ይሆናል። የጠጠረ ጉበት፣ ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት፣ መጠባበቂያ አቅም ስለሌለው ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ አእምሮ ይደናገራል። ይህ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ላይ በሳጥን ተከቦ ከሁሉ በላይ የተጻፈ ነው። ጽሑፉ የኩላሊቱን ጉዳይ አጉልቶ ይህን ጨርሶ አለማንሣቱ ትልቁ ጉድለቱ ነው።

ስለ «ገባርነቱ» ብዙ ማለት አያስፈልግም። የደም ግፊትና የስኳር ክኒንም በየቀኑ ይዋጣል። ቴኖፎቪርን ዛሬ ብዙ የህንድ ፋብሪካዎች እየተፎካከሩ ያመርቱታል፤ የአንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም። ደግሞም ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ መድኃኒት አይጀምርም። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የሚያያቸው ነገሮች አሉ፦ የቫይረሱ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ2,000 ዩኒት በላይ ሆኖ ኤኤልቲ መጨመሩን፣ የጠባሳ ምልክት መኖሩን፣ ኤችአይቪ አብሮ መኖሩን፣ በቤተሰብ ውስጥ የጉበት ካንሰር መኖሩን የመሳሰሉ። የጀመረ ሰውም ማቆም የሚችልበት ጊዜ አለ። ጉበቱ ያልጠጠረ፣ የቫይረሱ መለያ የሆነው ኤችቢኤስኤጂ ከደሙ የጠፋ፣ ከቆመም በኋላ በየጊዜው ደሙን ሊመረመር የሚችል ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ያቆማል። ሲሮሲስ ላለበት ግን ማቆም አይታሰብም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ጽሑፉ በነፍሰ ጡሮች እጅ መግባቱ ነው። ብዙ ቫይረስ በደሟ ያለባት እናት ከሁለተኛው የእርግዝና ሦስት ወር ጀምሮ ቴኖፎቪር 300 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ብትወስድ ለልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ በእጅጉ ይቀንሳል። ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊወስድ የሚገባው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ አለ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠው አምስት በአንድ ክትባት ጥሩ ነው፤ በምጥ ሰዓት የሚተላለፈውን ግን አይቀድመውም። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ ቫይረሱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፤ በጉልምስና የተያዘ ሰው ግን ከ100 ውስጥ 95ቱ በራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ ክኒኑን የጣለችው እናት የጣለችው የልጇን መከላከያም ጭምር ነው። ጡት ማጥባትም አይከለከልም።

አሁን ወደ ኩላሊቱ። እውነት ነው፣ ቴኖፎቪር ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሽንት ከሚያጣሩት ጥቃቅን ቱቦዎች መጀመሪያ ክፍል ላይ ይከማችና ቱቦው ሊያስቀራቸው የሚገቡ ነገሮች፣ ፎስፌትና ስኳር ሳይቀሩ፣ ከሽንት ጋር እንዲወጡ ያደርጋል። ይህ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ከታወቀም አስቀድሞ ይያዛል። ችግሩ የሚፈጠረው ክሬያቲኒን የሚባለውን፣ ኩላሊት ሊያጣራው የሚገባ ቆሻሻ በደም ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ብቻ አይቶ ማለፍ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 58 ዓመቷ፣ 49 ኪሎ የምትመዝን ሴት ክሬያቲኒኗ 1.3 ሆኖ ተጻፈ። አንዳንድ ላብራቶሪ እስከዚህ ድረስ ያለውን ደህና ብሎ ስለሚያትም ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት የለም። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። ከ140 ላይ ዕድሜ ይቀነሳል፣ 82 ይቀራል። በክብደቷ በ49 ሲባዛ 4,018 ይሆናል። 72ን በክሬያቲኒኑ በ1.3 ስናባዛ 93.6 ነው። 4,018 ለ93.6 ሲካፈል 43 ገደማ፤ ሴት ስለሆነች በ0.85 ይባዛል፣ 36 ተኩል ይመጣል። ይህ ማለት ኩላሊቷ በደቂቃ 36 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ያጣራል ማለት ነው። ከ30 እስከ 49 ባለው መካከል ያለ ሰው ቴኖፎቪርን በየቀኑ ሳይሆን በየ48 ሰዓቱ ይወስዳል፣ ወይም በልኩ ወደተቀነሰ ኢንቴካቪር ይዛወራል። ይህች ሴት በየቀኑ እየዋጠች ብትጎዳ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ ክብደቷንና ዕድሜዋን ሳይጠይቅ የሰጣት ሰውም አለበት።

ስለዚህ ከመጀመር በፊት ክሬያቲኒን፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንዴ፤ ስኳር፣ ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ደግሞ በየሦስት ወሩ መመርመር ያስፈልጋል። በጤና ጣቢያ የሚገኘው ተራ የሽንት ምርመራም ይረዳል፦ የስኳር በሽታ የሌለበት፣ የደም ስኳሩም ደህና የሆነ ሰው ሽንቱ ላይ ስኳር ወይም ፕሮቲን ከታየ ክኒኑ ቱቦውን እየነካው ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለሐኪም ይነገር። ሌላው ትልቅ ጠላት የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ነው። ወገቤን አመመኝ ብሎ ያለ ማዘዣ ገዝቶ ወይም መርፌ ተወግቶ ከቴኖፎቪር ጋር መደራረብ ኩላሊትን ሁለት በትር ማስመታት ነው። ስለ አጥንትም፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአጥንት ጥንካሬ በጥቂቱ ይቀንስና ከዚያ ይረጋጋል። ዕድሜያቸው ከ60 ላለፈና ስቴሮይድ ለሚወስዱ ሰዎች ኢንቴካቪር 0.5 ሚሊ ግራም ይመረጣል፤ እሱ ግን በባዶ ሆድ ነው፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላና ከሚቀጥለው ምግብ ሁለት ሰዓት በፊት።

አንድ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እንስማማለን። ክትትሉ ደካማ ነው። ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ካርድ ለማውጣት ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ሰው ክሬያቲኒኑን በጊዜው አለመመርመሩ አይገርምም። ይህ ቅሬታ መሰማት አለበት። መፍትሔው ግን ምርመራው ወደ ሰፈር እንዲቀርብ መጠየቅ ነው።

የኤችአይቪ መድኃኒት ነው የተባለውም እውነት ነው። ቴኖፎቪር በ2001 እ.ኤ.አ. ለኤችአይቪ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ለሄፓታይተስ ቢ ተፈቀደ። ሁለቱ ቫይረሶች የተለያዩ ቢሆኑም ለመባዛት የሚጠቀሙበት ኢንዛይም ዓይነቱ አንድ ስለሆነ ያው መድኃኒት ሁለቱንም ያግዳል። አስፒሪን ለራስ ምታትም ለልብም እንደሚሰጠው ነው። ለታካሚው ይህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ሳይነገረው ቀርቶ ከጎረቤት የሰማ ሰው ተታለልኩ ቢል አንፈርድበትም። እዚህ ላይ ጽሑፉ ያላነሣቸው እውነተኛ አደጋዎች አሉ። ሳይመረመር ቴኖፎቪርን ወይም ኢንቴካቪርን ለብቻው የጀመረ፣ ኤችአይቪም ያለበት ሰው፣ ኤችአይቪው መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርጋል። ስለዚህ የኤችአይቪ ምርመራ ከመጀመሪያው ክኒን ይቀድማል። ከዘመድ የኤችአይቪ መድኃኒት ተበድሮ መዋጥም ያው ነው፤ በዚያ ክኒን ውስጥ ሌሎች ሁለት መድኃኒቶች አብረው አሉ፣ የዘመዱም መድኃኒት ይጎድላል።

ሌላው የማይወራ ጉዳት ከመደበቅ የሚመጣ ነው። 30 ክኒን የያዘው ነጭ ፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ወይም ጣት የማታክል ክብ ነገር አለች። ሰው አይቶ እንዳያማቸው ሲሉ ክኒኑን በላስቲክ ቋጥረው ከቁም ሣጥን ልብስ ሥር፣ አንዳንዴም ማድ ቤት እንፋሎት አጠገብ የሚያኖሩ አሉ። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ይበላሻል። ስሙ እንዳይታይ ከተፈለገ የውጪውን ወረቀት መላጥ ይቻላል፤ ግን አወሳሰዱንና ማብቂያ ቀኑን ሌላ ቦታ ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። ክኒኑ ከነብልቃጡ ይቀመጥ፣ የእርጥበት መጣጯም አትጣል።

በ1993 እ.ኤ.አ. የሆነው ነገር አሳዛኝ ነው፣ ተፈጽሟልም። መድኃኒቱ ፊያሉሪዲን ይባላል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በሜሪላንድ 15 ሰዎች ላይ ሲሞከር ሰባቱ በጽኑ ታመሙ፤ 5 ሞቱ፣ ሁለቱ ጉበት ተቀይሮላቸው ተረፉ። መድኃኒቱ ለሴል ኃይል የሚያመነጨውን ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ገብቶ ያበላሸው ነበር። በእንስሳት ሲሞከር ያልታየው ለምን እንደሆነ ኋላ ታወቀ፦ በሰው ማይቶኮንድሪያ ላይ መድኃኒቱን የሚያስገባ ማጓጓዣ አለ፣ በአይጥ ላይ የለም። ሙከራው ወዲያው ቆመ፤ መድኃኒቱ ለገበያ አልቀረበም። ምርመራውም በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ታትሟል፣ አልተሸፈነም። ከዚያ ወዲህ የመጡ የዚህ ዘር መድኃኒቶች ማይቶኮንድሪያን ይጎዱ እንደሆነ አስቀድመው ይፈተሻሉ። ፊያሉሪዲን ገደለ ብሎ ቴኖፎቪርን መጣል፣ አንድ እንጉዳይ መርዝ ሆነ ብሎ እንጉዳይ ሁሉ ይገድላል እንደማለት ነው። ቴኖፎቪር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ከ20 ዓመት በላይ የዋጡት ክኒን ነው።

ስለ ሄፓታይተስ ሲ የተባለው ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቢን መቀስቀሱ እውነት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ 24 ሰዎች ላይ መታየቱን፣ ሁለቱ መሞታቸውን፣ አንዱ ጉበት መቀየሩን ገልጿል። ሲ በጉበት ውስጥ እያለ ቢን ይጫነዋል፤ ሲ በድንገት ሲጠፋ ቢ ይነሣል። መከላከያው ቀላል ነው፦ የሲ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ቢ ይመረመራል፤ ከተገኘ ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር አብሮ ይጀመርና የሲው ሕክምና ካለቀ በኋላም ቢያንስ 12 ሳምንት ይቀጥላል።

ካንሰር ያመጣል የተባለው ግን አይቆምም። ወሬው የተነሣው በ2016 እ.ኤ.አ. ከስፔን ከወጣ ጥናት ነው። የታዩት 58 ሰዎች ሁሉ ቀድሞ የጉበት ካንሰር ይዟቸው የታከሙ ነበሩ፤ በ16ቱ ላይ ካንሰሩ ተመለሰ። መድኃኒቱን ያልወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረም፤ እንዲህ ዓይነቱ ካንሰር ደግሞ ያለ መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ የወጣው ወደ 10 ሺህ ሰው የተከታተለ ጥናት የታከሙት ሞትም ካንሰርም እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። እንዲያውም በዚያ ጥናት ቁጥሩ እንዲሁ በደረቁ ሲታይ የታከሙት ላይ ካንሰር የበዛ ይመስል ነበር፤ ምክንያቱ ቅድሚያ የታከሙት በጣም የታመሙት ስለነበሩ ነው፤ የበሽታው ደረጃ ሲመዛዘን ነገሩ ተገለበጠ። ይህን ልብ በሉት፣ ስንመለስ እንፈልገዋለን። ጉበቱ የጠጠረ ሰው ከሲ ቢድንም የካንሰር ሥጋቱ ስለማይጠፋ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይነሣ።

የሲ መድኃኒት አስፈሪነት ዝና የመጣው ከድሮው ኢንተርፌሮንና ሪባቪሪን ነው። 48 ሳምንት መርፌ፣ ትኩሳት፣ የደም ማነስ፣ ድብርት ነበረበት፤ የሚድነውም ግማሽ ያህል ነበር። የዛሬው ሶፎስቡቪር 400 ሚሊ ግራም ከዳክላታስቪር 60 ወይም ከቬልፓታስቪር 100 ጋር በቀን አንድ ጊዜ፣ ለአብዛኛው ሰው ለ12 ሳምንት ነው። ከ100 ሰው ከ95 በላይ ያድናል፤ በአገራችን በብዛት ለሚገኘው ዓይነት 4ም ይሠራል። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲጋጭ ነው። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን እና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የሲውን መድኃኒት ከደም ውስጥ ስለሚያወርዱት ሕክምናው ይከሽፋል። አሚዮዳሮን የሚባለው የልብ መድኃኒት ከሶፎስቡቪር ጋር የልብ ምትን በአደገኛ ሁኔታ ያዘገያል። ኦሜፕራዞልም አለ፤ «ለጨጓራዬ» ተብሎ እንደ ተራ ነገር ስለሚወሰድ ሰው ለሐኪሙ አይናገረውም። ቬልፓታስቪር ወደ ደም የሚገባው ጨጓራ ውስጥ አሲድ ሲኖር ነው፤ ኦሜፕራዞል አሲዱን ያጠፋዋል። የግድ ካስፈለገ 20 ሚሊ ግራም ብቻ፣ የሲው ክኒን ከምግብ ጋር ከተወሰደ ከ4 ሰዓት በኋላ ነው።

የቀረው የመጨረሻው ነው፤ ክኒን የጀመሩት ሞቱ፣ የባህል መድኃኒት የጠጡት ዳኑ የሚለው። እዚህ የፈረንሳዩ ጥናት ያስተማረን ይመለሳል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2015 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ከ1,300 በላይ ሰዎችን መዝግቦ የመጀመሪያ ዓመት ውጤቱን በ2018 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ከጀመሩት ውስጥ የሞቱ ነበሩ። ሞትን አስቀድሞ የሚያመለክተው ትልቁ ነገር ሰውየው ሲመጣ ጉበቱ ከድቶት፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ወይም አእምሮው ተደናግሮ መሆኑ ነበር፤ ከዚያ ቀጥሎ የሰውነት መክሳት። ለቀስተኛው «ክኒኑን በጀመረ በሁለት ወሩ» ይላል፤ ሁለት ወር የቀረው ሆኖ መምጣቱን ግን ማንም አያነሣውም።

በሌላ በኩል የወፍ በሽታ ብለን የምንጠራው የዓይን ቢጫነት በብዛት ከሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱም በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፉ ናቸው። የጉድጓድ ውኃና መጸዳጃ በተቀራረቡባቸው የከተማው ዳርቻ ሰፈሮች ይህ እንግዳ አይደለም። ሁለቱም በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይለቃሉ፤ ለነፍሰ ጡር ግን ኢ አደገኛ ነው። ሰንሰል የሚባለውን የባህል መድኃኒት ዕፅ የጠጣም ያልጠጣም ይድናል። ሥር የሰደደው ቢ ደግሞ ለዓመታት ዓይን አያቀላም፣ ቢጫም አያደርግም። የባህል መድኃኒት አዋቂውና ሐኪሙ የሚያወሩት ስለ አንድ በሽታ አይደለም። የባህል መድኃኒት ሁሉ ይጎዳል አንልም፤ ቢጠና የሚገባው ዕውቀት አለበት። ግን ለጉበት የዕፅ ብዛት በእፍኝ ሲለካ አደጋ ነው፤ እንዶድ በብዛት ሲጠጣ መርዝ እንደሆነ የማያውቅ የለም። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሆድ እያሳበጠ ሰው የጨረሰው የጉበት በሽታ ቫይረስ አልነበረም፤ ከእህል ጋር የተቀላቀለ፣ አጄራተም የሚባል አረም ውስጥ ያለ መርዝ መሆኑ ኋላ ተደርሶበታል። እሱም ተፈጥሮ ያበቀለው ነው።

ጽሑፉን አንብባችሁ ክኒኑን ያቆማችሁ ካላችሁ፣ ያለፈው ጥቂት ቀን ከሆነ ዛሬውኑ በተለመደው ሰዓት አንድ ክኒን ቀጥሉ፤ ያለፈውን ለማካካስ ሁለት አትዋጡ። ሳምንታት ካለፉ ብልቃጡንና የመጨረሻውን የላብራቶሪ ወረቀት ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ሕክምና ቦታ ሂዱ፤ ኤኤልቲ፣ ቢሊሩቢን፣ የደም መርጋት ምርመራና ክሬያቲኒን አሠሩ። መቼ እንዳቆማችሁ ቀኑን ሳትደብቁ ተናገሩ። ሽንቱ እንደ ኮካ የጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ቀን እየተኛ ሌሊት የሚነቃ ወይም ቃሉ የሚደባለቅበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይግባ።